ቦርዱ አልሞተም፦ አፕዴት ላይ መብራት የሄደበት የኮምቦልቻ ላፕቶፕ

ነሐሴ 22 ቀን 2011፣ ረቡዕ ጠዋት ነበር። ደሴ በጉም ታፍናለች። ጦሳ ጨርሶ አይታይም። ፒያሳ ያለችውን ሱቄን ከፍቼ ገና ወንበር ሳላወርድ አንዲት ሴት ገቡ። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልለው በላዩ ላይ ነጠላቸውን ደርበውበታል። እርሳቸውን ዝናብ መትቷቸዋል። ላፕቶፑን ግን አንድ ጠብታ አልነካውም።

ከኮምቦልቻ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የመጡት። ሐረጎን በዚያ ሁሉ ጉም ወጥተው። "ወንድሜ፣ ሞቷል ብለውኛል" አሉኝ። "እስቲ አንተም እየው።"

ከአፕዴት በኋላ ስክሪኑ ጠቁሮ የቀረ ላፕቶፕ ደጋግሞ ይመጣልኛል። አብዛኛው ደግሞ "ቦርዱ ሞቷል" ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ቦርድ የሚሉት የማሽኑን ዋና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። ይህን አንዱን መርጬ ዘርዝሬ የምጽፈው እያንዳንዱን እርምጃ ደብተር ላይ ስላሰፈርኩት ነው። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ሱቁ ባዶውን ቀርቷል። ደብተሩ ቤት ስለነበር ተረፈ።

ሴትዮዋ ሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ የአሥራ አንድ ሱቆችን መዝገብ ይይዛሉ። አብዛኞቹ የደረጃ ለ ግብር ከፋዮች ናቸው፤ የእነሱ ማሳወቂያ ጊዜ ያን ዓመት ነሐሴ 30 ያበቃ ነበር። ስምንት ቀን ቀርቷል ማለት ነው። የዓመቱ ሒሳብ በሙሉ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ፒችትሪው ደግሞ ያ ላፕቶፕ ላይ ነው። ባካፕ አለዎት ወይ አልኳቸው። "አለኝ" አሉ። የት አልኳቸው። ጣታቸውን ላፕቶፑ ላይ አሳረፉ።

"አብሽሩ እትዬ" አልኳቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

መጀመሪያ ጥያቄ፣ ከዚያ ካቻቢቴ

ብዙ ጊዜ የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ካቻቢቴ እናነሳለን። ባለቤቱን በደንብ ሳንጠይቅ።

"ከመጥፋቱ በፊት ምን እየሠሩበት ነበር?"

"ምንም። ያው ሒሳብ ነው የምሠራበት።"

"አዲስ ነገር ጭነውበታል?"

"አልጫንኩም። እሱ ራሱ ነው የጫነው።"

እሱ ራሱ። ጉዳዩ ያለው እዚህች ቃል ውስጥ ነው። ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰኞ ማታ ሥራ ላይ እያሉ ዊንዶውስ ሪስታርት ልበል ብሏቸዋል። እሺ ብለውታል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ የአምራቹ ምልክት መጣ፤ ከሥሩ መስመር እየሞላ ይሄዳል። እንዳይጠፋ የሚል ጽሑፍም ነበረው። እርሳቸውም አልነኩትም። ግማሽ እንኳን ሳይደርስ መብራት ሄደ።

"ባትሪውስ አልያዘውም?"

"ባትሪውማ ምኑን ይይዛል፤ 70 እያለ ድርግም ይላል።"

ዊንዶውስ የራሱን አፕዴት ብቻ አይደለም የሚያመጣው። የላፕቶፑ አምራች ያዘጋጀውን የባዮስ አፕዴትም በዚያው መንገድ ያመጣል። ባዮስ የምንለው ማሽኑ ሲበራ ከማንም በፊት የሚነቃው ፕሮግራም ነው። ሚሞሪውን፣ ስክሪኑን፣ ዲስኩን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ዊንዶውስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባዮሱ የተቀመጠው ዲስክ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ባለች ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። አፕዴቱ ይህችን ቺፕ እየጻፈ ሳለ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ማሽኑ የሚነቃበት ነገር የለውም።

"እንዲህ እንዳይሆን መከላከያ የለውም ወይ?" ትሉ ይሆናል። አለው። አፕዴቱ ቻርጀር መሰካቱን ያያል፤ የባትሪውን ፐርሰንትም ያያል። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ይጀምራል። ችግሩ ፐርሰንቱ ራሱ ነው። ፐርሰንቱን የሚናገረው ባትሪው ውስጥ ያለ ቆጣሪ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ቆጣሪው የሚለውና ባትሪው ውስጥ ያለው ይለያያሉ። የሴትዮዋ ባትሪ 70 ብሏል። አፕዴቱ አምኖታል። መብራት ሲሄድ 70 የተባለው አንድ ደቂቃም አልቆየም።

ክረምት ነው፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል። ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ሰው ይህን ልነግረው አያስፈልግም።

የማሽኑ ቋንቋ

ቻርጀሩን ሰክቼ ፓወር ተጫንኩ። መብራቱ በራ። ፋኑ በኃይል ተሽከረከረ፣ ከዚያ ረገበ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። የካፕስ ሎክ መብራት ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች። አረፈች። እንደገና ሁለት ጊዜ። እንደገና ሁለት።

እዚህ ላይ ነው ተስፋ ያደረግኩት። የሞተ ቦርድ አይቆጥርም። ይህ ማሽን እየቆጠረ ነው። የሞዴሉን የአገልግሎት መመሪያ አውጥቼ አየሁ፤ ሁለት ብልጭታ የባዮስ መበላሸት ነው ይላል። ቁጥሩ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስለዚህ የሌላ ማሽን ቁጥር ይዞ መፍረድ አይገባም። የራሱን መመሪያ ማየት ነው።

ኮምቦልቻ ያዩት ሰዎች "ቦርድ ይቀየር፣ 6,500 ብር" ብለዋቸው ነበር። አልወቅሳቸውም። ስክሪን ጥቁር ሲሆን ሁሉም ነገር አንድ ይመስላል። ግን አንድ አይደለም። ከአፕዴት በኋላ አልነሳም የሚል ላፕቶፕ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ የለበትም። ምልክቱ መጥቶ፣ ባዮስ ሴቲንግ ውስጥ መግባት እየተቻለ ዊንዶውስ ብቻ እምቢ ካለ ቺፑ ደህና ነው። ብዙውን ጊዜ የተቀየረው ሴቲንግ ነው፤ ወይም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ቢትሎከር፣ ባለ 48 አሃዝ ቁልፉን እየጠየቀ ነው። ይሄኛው በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው። ምንም መብራት፣ ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ጉዳዩ የኃይል መስመር ሊሆን ይችላል። የሴትዮዋ መሃል ላይ ነው። ኃይል አለ፣ ንቃት የለም።

ቢሆንም ቀላል ቀላሉን ሳልፈትሽ አላልፍም። ቻርጀሩን ለካሁ፤ 19.5 ቮልት፣ ደህና ነው። ባትሪውን ነቅዬ ፓወሩን 30 ሰከንድ ያዝኩት። የቦርዷን ክብ ባትሪ አውጥቼ ለካሁ፤ 3 ቮልት መሆን ያለባት 2.4 ሆናለች፣ ቀየርኳት። ሚሞሪዎቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሞከርኩ። ውጭ ስክሪን ሰካሁ። ዲስኩን ነቀልኩ። ሁለት ብልጭታው አልተለወጠም። ሌላውን ሁሉ አውጥቼ ምልክቱ ካልተነቃነቀ የሚቀረው ቺፑ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ላፕቶፑን ከማከሜ በፊት አንድ ነገር ቀረኝ። እኚህ ሴት ሐረጎን በጉም ውስጥ የወጡት ለላፕቶፑ ብለው አይደለም። ለአሥራ አንዱ ሱቅ ሒሳብ ነው። የባዮስ መበላሸት ዲስኩን አይነካም። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ስክሪኑ ሲጠቁር ፋይሉም የጠፋ ይመስለዋል።

ዲስኩን አውጥቼ በዩኤስቢ ማገናኛ ከእኔ ማሽን ጋር አያያዝኩት። ተከፈተ። በቢትሎከር ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ ያለዚያ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ አንዲት ፋይል አናይም ነበር። አልተቆለፈም። የፒችትሪውን የካምፓኒ ፎልደሮች ቆጠርን፤ አሥራ አንድ። ፒቲቢ የሚሉትን የባካፕ ፋይሎችም አገኘናቸው። ሁሉንም በሁለት ፍላሽ ኮፒ አደረግሁ። አንዱን ለእርሳቸው ሰጠሁ፣ አንዱን እኔ ጋ አስቀረሁ።

ፍላሹን ሲቀበሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። "አልሐምዱሊላህ" ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ሳይሆን መሀረባቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

"እንግዲያው አንተ ኮምፒውተር ላይ ልክፈተውና ልጨርስ" አሉ። ፒችትሪ አለኝ። አዲሱ ቨርዥን ነው፤ የእርሳቸው አሮጌው። አዲሱ ቨርዥን አሮጌውን ዳታ ሲከፍት ወደ ራሱ ይቀይረዋል። ከዚያ ወደ አሮጌው መመለስ የለም። ስለዚህ እምቢ አልኳቸው። ኮፒው ሳይነካ ይቆይ፣ የራስዎን ማሽን እናስነሳ አልኩ። ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምቦልቻ ተመለሱ።

ቺፑን ማንበብ

ብዙ አምራቾች ለእንዲህ ዓይነት ቀን ያዘጋጁት መውጫ አለ። ከድረ ገጻቸው የማዳኛ ፋይል ታወርዳለህ፣ ፋት32 በሚባለው ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ታደርጋለህ፣ ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ቁልፉንና የቢ ፊደልን ቁልፍ አንድ ላይ ይዘህ ፓወር ትጫናለህ። በአንዳንዱ ሞዴል ቁልፎቹ ሌላ ናቸው። ቺፑ ውስጥ ሳትነካ የቀረች የመነሻ ክፍል ካለች ፍላሹን ፈልጋ ራሷን ታክማለች። ሁሌም ከዚህ ነው መጀመር ያለበት፤ ነጻ ነው፣ ቦርድ አይከፈትበትም። ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ ሞከርኩ። የፍላሹ መብራት አንዴም ብልጭ አላለችም። የመነሻዋ ክፍልም ተነክታለች ማለት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቦርዱን አወጣሁ። ባዮሱ ያለባት ቺፕ ስምንት እግር አላት፤ ከጥፍር ታንሳለች። አንዱ ጥግ ላይ የመጀመሪያውን እግር የምታሳይ ነጥብ አለች። በማጉያ መነጽር ጽሑፉን አነበብኩ። ዊንቦንድ፣ 25ኪው128ኤፍቪ። 128 ሜጋቢት፣ ማለትም 16 ሜጋባይት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ዋዛ አይደሉም። ኤፍቪ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ነው። በዚያው ስም ኤፍደብሊው የሚል ካለ በ1.8 ነው። በ3.3 ከነካኸው ቺፑን ልታቃጥለው ትችላለህ።

የማነብበት መሣሪያ ሲኤች341ኤ የሚሉት ርካሽ ፕሮግራመር፣ ማለትም ቺፕ የሚያነብና የሚጽፍ ዕቃ ነው። ጥቁሩን የገዛችሁ ልብ በሉ፤ ለቺፑ የሚሰጠው ኃይል 3.3 ቢሆንም የመረጃ መስመሮቹን በ5 ቮልት ነው የሚነዳው። ብዙ ቺፕ ይችለዋል፤ ሁሉም ግን አይችልም። እኔ የራሴን ወደ 3.3 አስተካክዬዋለሁ። ያም ሆኖ ከማያያዜ በፊት በመልቲሜትር እለካለሁ። ሁሌ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በ2009 የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነ ልጅ ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ። ተመሳሳይ ችግር ነበር። ያኔ ቸኮልኩ። ቺፑን ሳላነብ፣ ከሌላ ማሽን የተገለበጠ ፋይል ከኢንተርኔት አውርጄ ጻፍኩበት። ማሽኑ ተነሳ። ደስ አለን። ግን መለያ ቁጥሩ የሌላ ሰው ማሽን ሆነ። የዊንዶውሱ ፈቃድ ጠፋ፤ ቁልፉ ያለው ባዮሱ ውስጥ ነበርና። በየ30 ደቂቃውም ራሱን ያጠፋ ጀመር። ቺፑ ላይ ማኔጅመንት ኢንጂን የሚባል የኢንቴል ክፍል አለ፤ እሱ ሲዛባ እንዲህ ያደርጋል። ልመልሰው አልቻልኩም። የሚመለሰውን እኔው ደርቤ አጥፍቼዋለሁ። ልጁ "ምንም አይደል ጋሼ" ብሎ ሲወጣ ያየሁት ፊቱ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያላነበብኩት ቺፕ ላይ ጽፌ አላውቅም። ቺፑ የተበላሸ ቢሆንም እንኳ። የተበላሸው ውስጥ የሚፈለግ አለ።

እናም መጀመሪያ አነበብኩ። በቺፑ ላይ በምትቆነጥጥ ክሊፕ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ንባብ ከዳር እስከ ዳር ባዶ መጣ፤ ክሊፑ አልነካም ነበር። አስተካክዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ሁለቱ ንባቦች አልተመሳሰሉም። ይህ የሚሆነው ቺፑ ቦርዱ ላይ እያለ የምትሰጠው ኃይል ወደ ሌላውም ክፍል ስለሚፈስ ነው። ያልተመሳሰለ ንባብ ይዞ ወደፊት መሄድ ጨለማ ውስጥ መርፌ እንደ ማስገባት ነው። ስለዚህ ቺፑን ልነቅለው ወሰንኩ። ዙሪያውን ሙቀት በሚችል ቴፕ ከለልኩ። ፍላክስ ቀባሁ። በሆት ኤር ቀስ እያልኩ አሞቅኩት። ስታኞው ቦግ ብሎ ሲያብረቀርቅ በወረንጦ ብድግ አደረግሁት።

ከዚያ በሊኑክስ ላይ ፍላሽሮም በሚባለው ፕሮግራም ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ሦስቱም በትክክል 16,777,216 ባይት። የሦስቱንም ሻ256፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን አሻራ፣ አወጣሁ። ፊደል በፊደል አንድ ነው። ወዲያው ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ።

መብራት የሄደባት ቅጽበት

ሐሙስ ማታ ሱቁን ዘግቼ ፋይሉን በሄክስ ከፈትኩት። ሄክስ የፋይሉን እያንዳንዱን ባይት በሁለት ምልክት የሚያሳይ ነው። መጀመሪያው ላይ ከ16 ባይት በኋላ 5ኤ ኤ5 ኤፍ0 0ኤፍ የሚሉ አራት ባይቶች አሉ። በኢንቴል ማሽኖች የቺፑ ማውጫ ምልክት ይህ ነው። አለ። ማውጫው ደህና ነው። ወደ ታች ወረድኩ። የማኔጅመንት ኢንጂኑ ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። የመለያ ቁጥሩ በሚነበብ ፊደል ቁጭ ብሏል። ላፕቶፑን ገልብጬ ከኋላው ከተለጠፈው ጋር አስተያየሁ። አንድ ነው።

ቀጠልኩ። ኮድ፣ ኮድ፣ ኮድ። ጥቅጥቅ ያለ። ከዚያ በአንድ መስመር መጀመሪያ ላይ ቀጥ አለ። ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ ኤፍኤፍ። ገጽ ገልጬ፣ ገልጬ፣ አሁንም ኤፍኤፍ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። ፍላሽ ቺፕ ላይ በነበረው ላይ ደርቦ መጻፍ አይቻልም። መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ይጻፋል። መምህር ጥቁር ሰሌዳውን በዳስተር አጥፍቶ እንደሚጽፈው ነው። ተጠርጎ ገና ያልተጻፈበት ቦታ በሄክስ ሲታይ ኤፍኤፍ ነው። አፕዴቱ አሮጌውን ጠርጎ፣ አዲሱን ከላይ እየጻፈ ወርዶ፣ እዚች መስመር ላይ ሲደርስ ኮምቦልቻ ላይ መብራት ሄደ። ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። ሰኞ ማታ የሆነው ነገር እዚያ ስክሪን ላይ እንደ ተቆረጠ ጨርቅ ጠርዙ ይታያል። ቦርዱ ምንም አልሆነም። የጎደለው ጽሑፍ ነው።

የጎደለው ምን እንደሆነ ካወቅህ መሙላት ይቻላል። የአምራቹን አፕዴት ከራሱ ድረ ገጽ አወረድኩ፤ ለዚያው ሞዴል፣ ለዚያው የቦርድ ቁጥር። ኔትወርኩ እያንቀራፈፈኝ ዓርብ ጠዋት ድረስ ቆየ። ከጥቅሉ ውስጥ የባዮሱን ምስል አወጣሁ። ዩኢኤፍአይ ቱል በሚባል ፕሮግራም ሁለቱን ጎን ለጎን ከፈትኩ። ይህ ፕሮግራም ባዮሱን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ያሳያል፤ አንዱን ክፍል አውጥቶ በሌላ መተካትም ይቻላል። የኮድ ክፍሎቹን በሙሉ ከአምራቹ ፋይል ወሰድኩ። ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ሆኖ እንዲቀር አልፈለግኩም። ማውጫውን፣ ማኔጅመንት ኢንጂኑን፣ ማክ አድሬሱን (የኔትወርክ መለያውን)፣ መለያ ቁጥሩንና የዊንዶውስ ቁልፉን የያዙትን ክፍሎች ግን ከሴትዮዋ ከራሳቸው ቺፕ እንዳሉ ተውኳቸው። የተሠራው ፋይል መጠን ተመሳሳይ መሆኑን አየሁ። 16,777,216። አንድ ባይት እንኳ ቢበልጥ ወይ ቢያንስ ቆም ብዬ ነው የምፈልገው።

ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ጻፍኩት። ፍላሽሮም ጽፎ ሲጨርስ መልሶ አንብቦ ያስተያያል። ቬሪፋይድ የምትለዋን ቃል እስካይ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም። መብራት ያን ዕለትም ሁለት ጊዜ ሄዶ ነበር። የምጽፈው ባትሪው ጤነኛ በሆነ ላፕቶፕ ስለሆነ አልደነገጥኩም። ደግሞስ መሃል ላይ ቢቋረጥ እንኳ ምን ይሆናል? ንባቡ ተቀምጧል፣ የተሠራው ፋይል ተቀምጧል። እንደገና መጻፍ ነው።

ሰማያዊው ስክሪን

ቺፑን ነጥቧን አይቼ መለስኩ። ሚሞሪ አንድ፣ ቻርጀር፣ ፓወር። ካፕስ ሎኳ ብልጭ አላለችም። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። አሥር ሰከንድ። ሃያ። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ተነሳ። አሁንም ጥቁር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ፓወሩን ይዞ ያጠፋዋል። አትንኩት። አዲስ የተጻፈ ባዮስ መጀመሪያ ሲነሳ ሚሞሪውን ከሥሩ ይፈትሻል፤ አንድ ሁለቴ ራሱን ሊያጠፋና ሊያበራ ይችላል። እኔ ሁለት ደቂቃ ተኩል በሰዓት ቆጠርኩ። ከዚያ የአምራቹ ምልክት መጣ። ሰዓቱ አልተሞላም የሚል መልእክት ተከተለው። ጎረቤቴ ያለችው ባለ ሻይ ቤት ጩኸቴን ሰምታ መጥታለች።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ መለያ ቁጥሩን አየሁ። የሴትዮዋ ነው። ሰዓቱን ሞላሁ፣ ሴቲንጉን ወደ መነሻው መለስኩ፣ ዲስኩን ሰካሁ። ዊንዶውስ ጀመረና ሰማያዊ ስክሪን አወጣ። ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ ይላል። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሴቲንጉን ወደ መነሻው ስመልስ የሳታው፣ ማለትም ዲስኩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር፣ አሠራር ሬይድ ወደሚባለው ተቀይሯል። የእርሳቸው ዊንዶውስ የተጫነው ኤኤችሲአይ በሚባለው ሌላ አሠራር ነው። ዊንዶውሱ ዲስኩን የሚያነብበት በር ተቀይሮበታል። ሴቲንጉን ወደ ኤኤችሲአይ መለስኩ። ዊንዶውሱ ተከፈተ፤ ፈቃዱም እንደነበረ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስክሪን አይቶ ዲስኩን ፎርማት ማድረግ ምን ያህል ፋይል እንዳጠፋ አላህ ይወቀው።

ሥራው አላለቀም። በ2009 የተቃጠልኩ ሰው ነኝና 30 ደቂቃውን ማለፍ አለበት። ለሁለት ሰዓት ክፍት አድርጌ ተውኩት። አልጠፋም። አጥፍቼ አበራሁ፣ አስተኝቼ አነቃሁ። ደህና ነው። ከዚያ ዊንዶውሱ ላይ የባትሪውን ሪፖርት አወጣሁ። ፓወርሲኤፍጂ ብሎ ባትሪሪፖርት ማለት ነው፤ ማንም ቤቱ ሆኖ ሊያወጣው ይችላል። ባትሪው ሲሠራ መያዝ የነበረበትን አሁን ከሚይዘው ጋር አስተያይቶ ያሳያል። የእርሳቸው ከአምስት አንዱን እንኳ አይይዝም። ለዚያ ሁሉ መንስኤው እሱ ነበር።

ቅዳሜ ነሐሴ 25 መጡ። ፒችትሪን ራሳቸው ከፈቱት። ካምፓኒዎቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ የመጨረሻውን ደረሰኝ ያያሉ፣ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ላፕቶፑን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። 900 ብር ጠየቅኋቸው። 1,000 ሰጥተው መልሱን አልቀበልም አሉ። ነሐሴ 29 ደውለው ሁሉንም እንዳሳወቁ ነገሩኝ። ባትሪው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መስከረም ገባ።

የባዮስ አፕዴቱን ጨርሶ ዝጋልኝ ብለውኝ ነበር። ሴቲንጉ ውስጥ የሚዘጋበት ቦታ አለ። አልዘጋሁትም። አፕዴቱ በከንቱ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የፕሮሰሰሮች የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን ከመፍትሔው አንዱ ክፍል የመጣው በባዮስ አፕዴት ነው። እርግጥ በዚያው ወር ኢንቴል አንዳንዱን አፕዴት ለጊዜው አቁሙ ብሏል፤ ማሽኖችን ራሳቸውን እያስነሳ ስላስቸገረ። ስለዚህ መልእክቱ በመጣ ዕለት አይጫኑት፣ ጥቂት ሳምንት ይቆይ፣ ሲጭኑም ይደውሉልኝ ብዬ ተለያየን።

ኅዳር ላይ አንድ እሑድ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። "መጣ ያ ነገር" አሉኝ። "ሦስት ሳምንት አስቆየሁት። አሁን ልጫነው?"

"ባትሪው ስንት ይላል?"

"መቶ።"

"ቻርጀሩስ?"

"ተሰክቷል። መብራትም አለ።"

"ቢሄድም አዲሱ ባትሪ ይይዘዋል። ይጫኑት።"

ስልኩን አልዘጉም። መስመሩ እየሞላ መሆኑን ይነግሩኛል። ግማሽ ደረሰ። አለፈ። ሞላ። ከዚያ "ጠቆረ" አሉ፣ ድምፃቸው ቀነሰ። እንዳይነኩት አልኳቸው። ሁለታችንም ዝም አልን። ከወዲያ የጀበና ክዳን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

"ገባ" አሉ። "ፒችትሪውን ልክፈተው?"

"ይክፈቱት" አልኳቸው። አሥራ አንዱንም ቆጠሩልኝ።